ሁለተኛዋ ክኒን

አክስቴ አልጋነሽ ጡረታ ከወጡ ሦስት ወር ሆናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኙ። ሁለተኛውን ሳምንት ቤቱን እያገላበጡ ሲያጸዱ ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ጠፋቸውና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እኔ ስጽፍ ያዩኝ ጀመር።

እኔ ዘንድሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ካነበቡልኝ ወዲህ ብዕር ከእጄ አይወርድም። ወልድያ ውስጥ ያልጻፍኩት ዛፍ፣ ያልጻፍኩት ዝናብ የቀረ አይመስለኝም። አንድ ቀን አክስቴ ብቻዬን ምን እንደሚያስፈግገኝ ጠየቁኝ። ስለ አንድ ግራር እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ግራሩን ተይው፣ እሱ የትም አይሄድም» አሉኝ። «የኔን ጻፊ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! አዲስ ደብተር ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እሳቸው ግን ደስታዬን ሲያዩ ፈገግ እንኳ አላሉም። «እኔ ደክሞኛል፣ አንቺ ደስ ብሎሻል። ሁለታችን ስንደመር አንድ ደህና ጸሐፊ ይወጣናል» አሉና ጀመሩ። ስለዚህ ከዚህ በታች «እኔ» የሚሉት አክስቴ ናቸው። እኔ ትርንጎ ጣልቃ የምገባበት ቦታ ሲኖር ስሜን እናገራለሁ።

*

የመድኃኒት ቤት ሥራ ምንድን ነው ብትዪኝ መቆም ነው። ሐኪም ይቀመጣል፣ በሽተኛ ይተኛል፣ መድኃኒት ሰጪ ይቆማል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቆምኩ። አሁን ጧት ስነሣ እግሬ ቀድሞኝ ይነሣና የሚሄድበት ጠፍቶት ቤት መሀል ይገተራል።

የጀመርኩት ወልድያ፣ ጋሽ ሀጎስ መድኃኒት ቤት ነው፣ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ። የጋሽ ሀጎስ አባት ለንግድ ከትግራይ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ልጅየው ግን ንግዱን ትተው የመድኃኒት ትምህርት ተማሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው። ከጠርሙሱ አንሥተው ነጭ ጋዋን ያለበሱኝ ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሴቶቹ ናቸው ያሾሙኝ። አንዷ ትገባና ባንኮኒው ፊት ቆማ ራሴን አሞኛል ትላቸዋለች፤ እሳቸውም የራስ ምታት ክኒን ይሰጧታል። ትወጣና እኔ ጠርሙስ የማጥብበት ቦታ ጎንበስ ብላ፣ ኧረ ያመመኝስ ሌላ ነው ትለኛለች። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ብነግራቸው ጊዜ፣ «እንግዲያው እዚያ ማዶ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ወደ ባንኮኒው ጠሩኝ።

ጋሽ ሀጎስ ክኒን በእጅ አይነኩም። መስታወት ላይ ያፈሱታል፤ በደነዘ ቢላ ጀርባ አምስት አምስት እያደረጉ ወደ ጎን ይገፉታል። ከቀኝ ወደ ግራ የቆጠሩትን መልሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጥሩታል፤ ዓይን የለመደውን መንገድ አያይም ይሉ ነበር። ፊደል ለማያውቅ ሰው የወረቀቱ ጥቅል ላይ ሥዕል ይሥላሉ። ለጧት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ፣ ከምግብ በኋላ ለሆነ ሳሕን። ቸኩለው ሥለው አያውቁም። ሰልፉ ደጅ ድረስ ደርሶ ሰው እያጉረመረመ እሳቸው የፀሐይዋን ጨረር አንድ በአንድ ያሰምራሉ።

ከሁሉ በላይ ሰውን ያስመረረውና እሳቸውን ያስከበራቸው ግን ሌላ አመላቸው ነው። ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ለሚቀጥለው ወር ሲመጣ ያለፈውን ወር ባዶ ጥቅል ካላሳየ ሙሉውን አያገኝም። ባዶው የታለ? ይላሉ። ረስቼው መጣሁ ላለ፣ ሄደህ አምጣ ነው መልሱ። ቤቱ ሐብሩ ድረስ ቢርቅም። የወልድያ ሰው ስም አወጣላቸው። «ሀጎስ ባዶው የታለ» ይሏቸዋል። ሠርግ ላይ ጠላ ሲቀዳላቸው እንኳ ቀጂው ብርጭቆውን እያየ፣ ጋሽ ሀጎስ፣ ባዶው የታለ? ይላቸዋል፤ ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ ብርጭቆውን ገልብጠው ያሳያሉ።

አብዮቱ ሲመጣ መድኃኒት ቤቱ የመንግሥት ሆነ። መጥተው ዕቃውን መዘገቡ፣ ቁልፉን ተረከቡ። በማግሥቱ ጋሽ ሀጎስ በዚያው ባንኮኒ፣ በዚያው ጋዋን ተቀጣሪ ሆነው ገቡ። እንዴት እንደቻሉት ብጠይቃቸው፣ «ባለቤቱ ማን እንደሆነ ክኒኗ አታውቅም» አሉኝ።

እኔንም ያዘዋውሩኝ ጀመር። ሐራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ። እዚያ የነበረው ኃላፊ ስብሰባ ወዳድ ነበር፤ ወባ የያዘው ሰው ደጅ ተኝቶ እኛ ስለ ድርጅታዊ አሠራር እንወያያለን። ከዚያ ተመልሼ ወልድያ፣ ከዚያ ደግሞ መርሳ ለብቻዬ የምሠራበት ትንሽ መድኃኒት ቤት። ደመወዙ ያው ነው፤ ቦታው ብቻ ይለዋወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወልድያ እያለሁ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር አንዲት የሴቶች ሐኪም መጣች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነበርና በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ አስተረጉምላት ነበር። ይቺ ሐኪም ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች። ያረጡ ሴቶችን፣ የወር አበባቸው የቆመውን ማለቴ ነው…

(ትርንጎ ነኝ። እዚህ ላይ ቀና ብዬ አየኋቸው። «ምን ታዪኛለሽ? የወር አበባ ብለሽ ጻፊ። ፊደሉ አያፍርም» አሉኝ። ጻፍኩ።)

…ያረጡትን ሴቶች፣ እንቅልፍ እንዴት ነው? ሙቀት ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ ይወጣል ወይ? ላብ ያጠምቃል ወይ? አለቻቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ጅን ነው የተባለችም ነበረች፣ ባሏን ጠላች የተባለችም። ሁሉም በየቤቷ ለብቻዋ ስትነድ ኖራለች።

ሐኪሟ በጣም ለባሰባቸው ጥቂት ሴቶች ሁለት መድኃኒት ታዝ ጀመር። አንደኛው ኢስትሮጅን ነው፤ ሙቀቱን የሚያበርደው። ሁለተኛው ፕሮጄስቴሮን ወይም እሱን መሰል ነው። ስሙ ለአፋችን ስለከበደን ሴቶቹም እኔም አንደኛዋና ሁለተኛዋ እንል ነበር። ሁለተኛዋ ለምን እንደምታስፈልግ ግን ለሴቶቹ ማስረዳት አቃተኝ። ሙቀቱን የምታበርደው አንደኛዋ ከሆነች ሌላዋ ለምኔ? ይላሉ። ጋሽ ሀጎስን ጠየቅኋቸው።

«አንደኛዋ ትዘራለች» አሉኝ። «ማህፀን መሬት ነው፣ የተዘራበትን ያበቅላል። ሁለተኛዋ አጫጅ ናት። በየወሩ ዘርተሽ ካላጨድሽ ማሳውን አረም ይውጠዋል። አረሙ አንድ ቀን ክፉ ሥር ይሰዳል። ማህፀኗ ያለ ሴት አንደኛዋን ብቻዋን እንዳትወስድ።»

ይህን ለገበሬ ሴት ስትነግሪያት ወዲያው ይገባታል።

ችግሩ አጫጇ በየት በር ትግባ የሚለው ነበር። መንገዱ ብዙ ነው፤ አንዱም ያለ ጣጣ አይደለም። የምትዋጠው ክኒን በየወሩ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ወደ መኝታ ሲሉ ነው። ቀላል ትመስላለች፤ ግን ራስ ታከብዳለች። አንዷ ሴትዮ፣ ዐሥራ ሁለቱን ቀን ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው ብላኛለች። መርፌውስ? ዘይት ነው። ጠርሙሱን በመዳፌ ይዤ አሞቀዋለሁ፣ ወፍራም መርፌ እመርጣለሁ፣ ከመቀመጫ ጥግ ጠለቅ አድርጌ ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ። ቸኩለሽ ከገፋሽው ሥጋው አብጦ ይቋጥራል። ቀስ ብለሽም ገፍተሽው ይቋጥራል። ከሐራ በበቅሎ የምትመጣ አንዲት ሴት፣ የመጣሁበትን ኮርቻ መልሼ ልቀመጥበት አልቻልኩም ብላ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ጥቅሙ ግን ከወጋሽ በኋላ ረሳሁት፣ ተውኩት የሚባል ነገር የለም። ገብቷል።

ሦስተኛው መንገድ ከታች፣ በብልት የምትቀመጠው ናት። ትንሽ ሻማ ትመስላለች። ራስ አታዞርም፣ አትቋጥርም። ግን በቆላ ሙቀት ትቀልጣለች። አንዷን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው ብያት የቅቤ ቅል ውስጥ ቀበረችው። አማቷ ከቅቤው ጋር አብራ ራሷን ተቀባችው። ፀጉሯ አማረ እያለች ስትነግረኝ ባንኮኒው ላይ ተደፍተን ሳቅን።

እንግዲህ ራስ መክበዱም፣ መቋጠሩም፣ መቅለጡም ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነበር። በየወሩ ዐሥራ ሁለት ቀን ስትወሰድ የመጨረሻዋ ከተወሰደች በጥቂት ቀን ውስጥ ደም ይመጣል፤ ማጨዷ እሱ ነውና። በክኒንም ይሁን በመርፌ ያው ነው። እማማ ወለተ የሚባሉ የወልድያ ሴት ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ስንት ዘመን ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አስቀድሼ አሁን ገና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት ቻልኩ። መልሳችሁ ልታስወጡኝ? ቃጠሎው ይሻለኛል» አሉና ወጡ። ተመልሰውም አልመጡ።

ይህን ልብ በይ ትርንጎ። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

*

እመት ፋጡማ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በመርሳ ገበያ ብርቱካን የሚሸጡ፣ ጎረቤት ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠሩ ትልቅ ሴት። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ገበያ መሀል ሻሻቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ውኃ ሲያፈሱ ነው። ሰው ጅን ለክፏቸው ነው እያለ ዞር ይላል። እኔ ግን ያቺን ላብ ወልድያ አይቻታለሁ። እጃቸውን ይዤ መድኃኒት ቤቱ አስገባኋቸው፣ አስቀመጥኳቸው፣ በማግሥቱ ወልድያ ሐኪሟ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ሁለቱንም አዘዘችላቸው፤ ሁለተኛዋን በክኒን፣ በየወሩ ዐሥራ ሁለት ቀን። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ተኛሁ ብለው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። አንደኛዋን መረቋት። ሁለተኛዋን ግን እየረገሙ ነበር የሚውጧት። ደሙ በመጣ ቁጥር ስድስት ሰባት ቀን ሶላት የለም። እናትና አያት የሆኑ ሴት እንደ ኮረዳ ቀን ይቆጥሩ ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን መጡ። የገበያ ቀን መርሳ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ያ ለልጁ የትል መድኃኒት ይላል፣ ያቺ ዓይኔን ትላለች፣ አንዱ ከኋላ ሎንቺናው ሊሄድብኝ ነው እያለ ይገፋል። እኔ መስታወቱ ላይ ጎንብሼ እየቆጠርኩ ነው። እመት ፋጡማ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አልጋነሽ፣ ሁለተኛዋን ለጾሙ ባሳልፋትስ?» አሉኝ።

ቀና አላልኩም። «ለጾሙማ ምን ይላል፤ ከጾሙ በኋላ ይቀጥላሉ» አልኩ። ቁጥሬ እንዳይጠፋኝ።

ይኸው ነው። በአንድ ትንፋሽ የተባለ ነገር ነው።

ረመዳን አንድ ወር ነው ብዬ በሆዴ አሰብኩ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በአንድ አጥር ያደግሁ ነኝ። እንደ እመት ፋጡማ ያሉ ሴቶች ከረመዳን ሁለት ወር ቀድመው ከረጀብ ጀምረው እንደሚጾሙ፣ ሻዕባንን እንደሚጨምሩ፣ ከዒዱ በኋላ ስድስቱን ቀን፣ ከዚያ ድሮ ያለፋቸውን ቀዷ እያሉ እንደሚከፍሉ አውቃለሁ። አውቄው አልቆጠርኩትም።

ከዚያ በየወሩ እየመጡ አንደኛዋን ይወስዳሉ። እኔ እሰጣለሁ። የሁለተኛዋን ባዶ ጥቅል አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ለምን? ደህና ነበሩ። ፊታቸው በርቷል፣ እንቅልፋቸው ተመልሷል። ደህና የሆነን ሰው ማን ይመረምራል? ሰልፉም ረጅም ነበር። እግሬም ያመኝ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ሀጎስ ወልድያ ናቸው፣ እኔ መርሳ ነኝ፤ የሚያየኝ አልነበረም።

(ትርንጎ ነኝ። እዚህ ከደረሱ በኋላ አክስቴ ሁለት ቀን አላወሩኝም። ደብተሬን ይዤ ስመጣ፣ ግራርሽን ጻፊ ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ጠሩኝ።)

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጧት መድኃኒት ቤቱን ስከፍት አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ አየሁ። እመት ፋጡማ ናቸው። ሦስት ቀን ደም ሲፈሳቸው ለማንም ሳይናገሩ ቆይተው በአራተኛው ወደቁ። የለበሱት ጋቢ ከሥር ርሷል። መድኃኒት ቤቱን ዘጋሁት። መዝጋት አይፈቀድልኝም፤ ዘጋሁት። አንድ የጭነት መኪና አስቁመን ከእህል ጆንያ ላይ አስተኛናቸውና ወደ ወልድያ ተነሣን። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። እጃቸው እንደ ውኃ ቀዝቅዟል።

«እመት፣ ሁለተኛዋን መቼ አቆሙ?» አልኳቸው።

«በረጀብ።»

«ከዒዱ በኋላስ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከዚያማ ንጹሕ መሆኑ ጣመኝ» አሉ።

ሐኪሟ የዚያኑ ቀን ማህፀናቸውን ጠረገች። የወንድማቸው ልጅ ደም ሰጠ። ደሙ ቆመ። ግን የተጠረገው እንዲመረመር ወደ ደሴ ተላከ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ ተነገረን። ክፉው ሥር ሰዶ እንደሆነ የሚታወቀው ከምርመራው በሚመጣው ወረቀት ነው። እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ ጋሽ ሀጎስ ዘንድ ሄድኩ። እየቆጠሩ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥያቄውን፣ መልሴን፣ ስምንቱን ወር። ቢላውን አላስቀመጡም፣ ቀናም አላሉም። አምስቱን ገፉ፣ ሌላ አምስት ገፉ። ከዚያ፣ «ባዶው የታለ?» አሉኝ።

ስንት ጊዜ የሳቅሁበት ቃል ነው።

ሪፖርት ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። አነበቡትና አንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ታካሚዋ ማቆማቸውን አልነገሩኝም» የምትለዋ ላይ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሽ ሀጎስ።»

«እውነት ነው» አሉ። «ግን እሱን እሳቸው ይጻፉት። አንቺ ያንቺን ጻፊ።» ሰረዙት። ሪፖርቱ እንደዚያው ወደ በላይ አለቆች ሄደ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ በየገበያው ቀን ጋሽ ሀጎስ ከወልድያ በመጀመሪያው አውቶቡስ መርሳ ይመጣሉ። ፈቃዳቸውን ተጠቅመው ነው። ጋዋናቸውን ይለብሱና አጠገቤ ይቆማሉ። አይመክሩኝም፣ አይወቅሱኝም። ሰልፉ ሲረዝም ግማሹን እሳቸው ይይዛሉ፤ ሰልፉ ሲያልቅ ጋዋናቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ብቻ አብረን ቁራሽ ስንበላ፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው አንድ ሕፃን ላይ የጠብታውን መጠን ተሳስተው እንደነበር ነገሩኝ። ልጁ ምን ሆነ? አልኳቸው። ቁራሻቸውን አስቀምጠው ወደ ባንኮኒው ተመለሱ። ያን ጊዜ ባዶውን ሲጠይቁ የሚጠይቁት ማንን እንደሆነ ገባኝ።

ወረቀቱ መጣ። ሐኪሟ ጠርታ አነበበችልኝ። ገና ካንሰር አልሆነም፤ ግን መንገዱን ይዟል። ማህፀኑ መውጣት አለበት። ይህን ለእመት ፋጡማ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ በሰው አላስነገርኩም። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ የወለድኩባትን ቤት ልታፈርሱ ነው አሉ። ቀጥለው፣ አላህ ካለ ይሁን አሉ። ደሴ ተቀደዱ። ዳኑ።

ሐኪሟም ከዚያ ወዲያ አሠራሯን ለወጠች። ሶላት ያላት፣ ቅዳሴ ያላት ሴት ስትመጣ ሁለተኛዋን አነስ አድርጋ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ እንድትወስድ ታዛለች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጠብ ጠብ እያለ ያስቸግራል፤ ኋላ ግን ለብዙዎቹ ደሙ ይቆማል። ያኔ ለእኛ አዲስ መንገድ ነበር። ለእመት ፋጡማ አልደረሰላቸውም። እኔም ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኛውን ወር ይጾማሉ? ሆነ። ሴቶቹ መድኃኒት ቤት ነው መስጊድ የመጣነው? እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ።

(ትርንጎ ነኝ። አክስቴ እዚህ ላይ ሊያቆሙ ነበር። እመት ፋጡማን ከዚያ በኋላ አገኟቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በረዥሙ ተነፈሱና ቀጠሉ።)

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይተው መጡ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ቤቱ ባዶ ነው። ከስተዋል፣ ግን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። የሐኪሟን ማዘዣ ሰጡኝ። አንደኛዋ ብቻ ናት ያለችበት። ወረቀቱን መላልሰው አዩ።

«ያቺኛዋስ?»

«ማህፀን ከሌለ ሁለተኛዋ አታስፈልግም፣ እመት። ከእንግዲህ ደምም የለም። ሶላትዎን የሚያቋርጥ የለም።»

አልሐምዱሊላህ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። መዳፋቸውን ከሆዳቸው በታች አድርገው ትንሽ ቆሙ። «የለመንኩትን ሰጠኝ» አሉ። «አሰጣጡን ግን አየሽው?»

ያኔ ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸውና ስንት ወር በሆዴ ይዤው የዞርኩትን ተናገርኩ። «እመት፣ አንቱ አይደሉም ያጠፉት፣ እኔ ነኝ። ያን ቀን ቀና ብዬ ላይዎት ይገባኝ ነበር። ባዶውን ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር።»

እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ። እሳቸው አላለቀሱም። እጄን ያዙኝ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ያን ቀን ማልጄ ነበር የመጣሁት። ብቻሽን ነበርሽ። ከደጅ አየሁሽና ተመለስኩ። ብቻሽን ሆነሽ ብጠይቅሽ ቁጭ አድርገሽ ጉዳዩን ትመረምሪው ነበር፤ እንቢም ትዪኝ ነበር። ብርቱካኔን ዘርግቼ ፀሐይ እስኪወጣ፣ ሰልፉ እስኪሞላ ቆየሁ። ሲጨንቅሽ ጠብቄ ነው የጠየቅሁሽ።»

ይህን ስሰማ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ሰው ከሸክሙ ግማሹን ሲያነሡለት አይቀለውም? አልቀለለኝም። የእሳቸው ለእሳቸው ሆነ፣ የኔም ለኔ ቀረ። አንዱ ሌላውን አላነሣውም። ክኒናቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ምርቃት መርቀውኝ ወጡ።

ከዚያች ቀን እስከ ጡረታዬ ድረስ፣ ግርግር ሲበዛ ጠብቆ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መቁጠሬን አቆማለሁ። የጀመርኩትን ክኒን መልሼ ወደ ጠርሙሱ እገለብጣለሁ። ወንበር አወጣና አስቀምጠዋለሁ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይሰድበኛል፣ አውቶቡስ ያመለጠው ይረግመኛል። እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ፣ ያለ ችኮላ እንደገና እንዲጠይቀኝ እጠብቃለሁ። አብዛኛው ሰው ተራ ነገር ነው የጠየቀው። ቢሆንም እጠብቃለሁ። ሰው ሁሉ ምን አደከመሽ ይለኛል፣ ትርንጎ። ይኸው ነው ያደከመኝ።